በሰንጠረዥ ገበታ ላይ የተደፋው ጤፍ ስንት አካፋይ አለው?

ባለፈው እትም የሰንጠረዥን ተረት አንስተን ነበር። ላላነበበ በአጭሩ እነሆ። ሲሳ የተባለ ጠቢብ ጨዋታውን ፈጥሮ ለንጉሥ አቀረበ። ንጉሡ ደስ ቢለው «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው። ጠቢቡም በመጀመሪያው ቤት 1 ፍሬ እህል፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እያጠፉ እስከ 64ኛው ቤት እንዲሞሉለት ጠየቀ። ንጉሡ «ይቺን ብቻ?» ብሎ ሳቀ። ድምሩ ግን 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ሆነ። ይሄ ቁጥር ብዙ ደብዳቤ አመጣልን፤ አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 67 ነው። ሰንጠረዥ የተማርኩት ከአባቴ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር የተሰመረ ገበታ ነበራቸው፤ ወረራ ሲጀምሩ እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሳ አይታይም ነበር። ጽሑፋችሁን ለልጅ ልጄ አነበብኩላት፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። «አባባ፣ ይሄ ቁጥር ለስንት ይካፈላል?» አለችኝ። መጨረሻው 5 ስለሆነ ለ5 ይካፈላል አልኳት። ከዚያ ወዲያ አቃተኝ። ሌላስ ምን ያካፍለዋል? እንዲህ ያለ ቁጥር በእጅ ይሞከራል ወይስ የኮምፒውተር ሥራ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አባታችን፣ በእጅ ይሞከራል። አንድ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዎታል።

ለ5 መካፈሉን አግኝተዋል። ለ3ም ይካፈላል። አሃዞቹን አንድ በአንድ ሲደምሯቸው 87 ይመጣል፤ 87 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። 87 ለ9 ስለማይካፈል ደግሞ ቁጥሩም ለ9 እምቢ ይላል። እስከዚህ ድረስ ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ የምታውቀው ነው።

ከዚህ በኋላ ግን አሃዞቹን ይተዋቸው። ሃያ አሃዝ ላይ ማፍጠጥ ምንም አይሰጥም። ይልቅ ቁጥሩ ከየት እንደተወለደ እንይ። በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ቤት ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተደምረው ከሚሆኑት በአንድ ፍሬ ይበልጣል። ይሞክሩት፦ 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7፣ ቀጣዩ ቤት 8። 8ን ሲጨምሩበት 15፣ ቀጣዩ 16። ስለዚህ 65ኛ ቤት ቢኖር ኖሮ የሚገባበትን እህል አስበን አንድ ፍሬ ብናነሳ፣ የገበታው ሙሉ ድምር እሱ ነው። 65ኛው ቤት ማለት 2 ስድሳ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ ነው።

አሁን ልጅትዋን ይጥሯት። 10 በ10 ሲባዛ 100፣ አንድ ሲቀነስ 99። 99 ማለት 9 × 11 ነው። 7 በ7 49፣ አንድ ሲቀነስ 48፤ እሱም 6 × 8። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 1 ሲነሳለት፣ ከግራው ጎረቤቱና ከቀኝ ጎረቤቱ ብዜት ጋር እኩል ነው። ሁልጊዜ። አንድም የሚያፈነግጥ የለም።

የ65ኛው ቤት እህል ደግሞ የ33ኛው ቤት እህል በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። 33ኛው ቤት 4,294,967,296 ይይዛል። ስለዚህ የእኛ ቁጥር 4,294,967,295 × 4,294,967,297 ሆኖ ለሁለት ተሰነጠቀ ማለት ነው።

የግራውን እንቀጥል። እሱም 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 የተነሳለት ነው፤ ስለዚህ 65,535 × 65,537። 65,535 በተራው 255 × 257። 255 በተራው 15 × 17። 15 ደግሞ 3 × 5። ሽንኩርት እንደመላጥ ነው። በእጃችን የቀረው ይሄ ነው፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ፕራይም ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። እነዚህን አምስቱን ብቻ ብናባዛ 4,294,967,295 ይመጣል። ይሄ በትክክል የገበታው የመጀመሪያ 32 ቤቶች ድምር ነው። ለሥዕልና ለአናጢነት ሰዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ የሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1796፣ 17 እኩል ጎን ያለውን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። እስከ ዛሬ በምናውቀው፣ በዚህ መንገድ ሊሠሩ ከሚችሉት ጎዶሎ የጎን ቁጥር ካላቸው እኩል ጎን ቅርጾች ሁሉ ትልቁ 4,294,967,295 ጎን ያለው ነው። የግማሽ ገበታው ድምር! ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

የቀረን የመጨረሻው፣ 4,294,967,297፣ ነው። እሱ ታሪክ አለው። ፒየር ዴ ፈርማ የፈረንሳይ የሕግ ሰው ነበር፤ ሒሳብ የሚሠራው ከሥራው ውጪ፣ ስለሚወደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እያለ የሚሄደውን ሰልፍ አይቶ፣ ሁሉም ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ፤ ለወዳጆቹም ጻፈ። ማስረጃ ግን አልነበረውም። የሰልፉ ስድስተኛ 4,294,967,297 ነው። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቁጥሩ እንደዚያው ተቀመጠ። በኋላ ጎልድባክ የተባለ የሒሳብ ሰው ለወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ለሌኦንሃርድ ኦይለር «የፈርማን ነገር አይተኸዋል?» ብሎ ጻፈለት። ኦይለር ቅዱስ ፒተርስበርግ ተቀምጦ፣ በእጁ ሲያሰላ፣ እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩን ሰበረው፦

641 × 6,700,417

ፈርማን የሚያህል ሰው ተሳሳተ። አምስት ጊዜ እውነት የሆነ ነገር በስድስተኛው ከዳው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንድም አዲስ ፕራይም አልተገኘም፤ የታወቁት አሁንም እነዚያው አምስቱ ናቸው።

እንግዲህ ለልጅ ልጅዎ ሙሉው መልስ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417። ሰባት ፕራይሞች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ። አካፋዮቹ ስንት ናቸው ካለች፣ እያንዳንዱን ፕራይም ወይ ታስገባለች ወይ ትተዋለች፤ ሁለት ምርጫ፣ ሰባት ጊዜ። 2 ሰባት ጊዜ ሲባዛ 128። ቁጥሩ ልክ 128 አካፋዮች አሉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥራችሁን ኤክሴል ላይ አስገብቼ አየሁት። 18,446,744,073,709,500,000 ነው የሚለኝ። በዜሮ ነው የሚያልቀው፤ እናንተ በ5 ያልቃል ብላችኋል። ማን ነው የተሳሳተው? እግረ መንገዴን፣ በጤፍ ቢሰፈር ስንት ኩንታል ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤክሴል ነው። ጥፋት ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ከአንድ ቁጥር ውስጥ 15 አሃዝ ብቻ ይይዝና የቀረውን በዜሮ ይሞላዋል። ለደሞዝ ዝርዝር አያስቸግርም። ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር ግን ምንም አይሆንም፤ የቁጥሩ ባሕርይ ያለው እሱ በጣለው ጭራ ውስጥ ነውና። ረጅም የባንክ ሂሳብ ቁጥሮችንም በቁጥር መልክ አታስገባ፤ እንደ ጽሑፍ አስገባቸው። ከ15 አሃዝ ያለፈውን ሳይነግርህ ነው የሚቀይረው።

የመጨረሻውን አሃዝ በራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። 2ን እያጠፍክ ስትሄድ መጨረሻው 2፣ 4፣ 8፣ 6 ይሆንና መልሶ 2 ብሎ ይጀምራል። በየአራቱ ይዞራል። 64 ለ4 ስለሚካፈል፣ 64 ጊዜ ስትደርስ መጨረሻው 6 ነው። አንድ ስትቀንስ 5። አለቀ።

ጤፉን በተመለከተ፣ አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 ፍሬ ይይዛል ብለን እንነሳ። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ስምንቱ ቤት፣ 255 ፍሬ ነው፤ በሁለት ጣት የምታነሳው ቁንጥር። ሁለት ረድፍ ሲሞላ 22 ግራም ገደማ። ግማሹ ገበታ ሲሞላ 14 ኩንታል። እስከዚህ ንጉሡ ምንም አልሆነም፤ ደህና ያመረተ ገበሬም ይሰጠዋል። ሁለተኛው ግማሽ ነው ጉዱ። ገበታው ሲሞላ 61 ቢሊዮን ኩንታል ገደማ ይሆናል። አገራችን በዓመት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ጤፍ ታመርታለች። በዚህ ስሌት ማንም እንጀራ ሳይቀምስ ሺህ ዓመት ገደማ ማጠራቀም ይጠበቅብናል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን 4,294,967,297 ለ641 ይካፈላል ብለው ጻፉና ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ። እንዴት እንደተገኘ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ 6,700,417 ከዚያ በላይ እንደማይሰበር እንዴት እርግጠኛ ሆኑ? እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ መሞከር አለብኝ ብዬ ጀምሬ 200 ላይ ስደርስ ደከመኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጎበዝ ነሽ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። 200 ድረስ መሄድሽ ራሱ ቀላል አይደለም። አሁን ግን አቋራጩን ላሳይሽ።

መጀመሪያ 641። ይሄን ቁጥር በሁለት መንገድ ጻፊው። አንደኛ፣ 641 = 5 × 128 + 1። ሁለተኛ፣ 641 = 625 + 16። ሁለቱንም አረጋግጪ።

ከዚህ በኋላ ስለ ቀሪ ብቻ እናውራ፤ ማለትም ለ641 ስናካፍል ስለሚተርፈው። 5 × 128 ማለት 640 ነው፤ 641 ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ስለዚህ ቀሪው −1 ነው ማለት እንችላለን። −1 አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 1። እንግዲህ 640ን አራት ጊዜ ስናባዛ ቀሪው 1 ነው። ግን 640 አራት ጊዜ ሲባዛ ውስጡ ምን አለ? 5 አራት ጊዜ፣ ማለትም 625፤ እና 128 አራት ጊዜ፣ ማለትም 2 ሃያ ስምንት ጊዜ። 625 ደግሞ ለ641 16 ይጎድለዋል፤ ስለዚህ −16 ነው። −16 ማለት 2 አራት ጊዜ ተባዝቶ ቅናሽ ምልክት የተደረገበት ነው። ሃያ ስምንቱና አራቱ ሲገናኙ 32። ስለዚህ 2 ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ፣ ከፊቱ ቅናሽ ሲደረግበት፣ ቀሪው 1 ነው። ቅናሹን ስናነሳ ቀሪው −1። አንድ ስንጨምርበት ዜሮ። 2 ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት ደግሞ 4,294,967,297 ነው። አንድም ረጅም ማካፈል አልሠራንም። ቀስ ብለሽ ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ሦስተኛው ላይ ይገባሻል።

ይሄ ግን 641ን ካወቁ በኋላ ነው። ካላወቁት እንዴት ይፈለጋል? 4,294,967,297ን የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ይህን ራሱ ኦይለር አረጋግጦታል። እስቲ ሰልፉን እንይ፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከነዚህ ፕራይም ያልሆኑትን ጣያቸው። የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አየሽ? በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ። አንቺ 200 ድረስ ስትለፊ ከዚህ ሰልፍ መሞከር የነበረብሽ 193 ብቻ ነበር።

አሁን 6,700,417። ስኩዌር ሩቱ ከ2,588 ትንሽ ይበልጣል። የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ፣ እሱንም የሚያካፍለው ፕራይም የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። 193፣ 257፣ 449 እና 577 ትልቁን ስላላካፈሉት ትንሹንም አያካፍሉም። 641 ሁለት ጊዜ ሊገባ ስለሚችል ግን ደግመን እንሞክረዋለን። ከዚያ እስከ 2,588 ያሉት ፕራይሞች 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113 ብቻ ናቸው። ሰባት ማካፈል! በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 832፣ 622፣ 232 እና 94 ናቸው። ዜሮ የለም። ስለዚህ 6,700,417 ፕራይም ነው። ደብተርሽ ላይ ሠርተሽ ከኔ ጋር አስተያዪው፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው።

መምህርሽንም አትቀየሚያቸው፤ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። ይሄንን ገጽ ግን አሳዪያቸው፤ ለክፍሉ በሙሉ ቢሠራ ደስ ይለኛል። «ለ641 ይካፈላል» ተብሎ መነገርና በአምስት ሙከራ ራስ ደርሶበት ማየት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ፕሮግራመር ነኝ። ይህን ቁጥር በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ያለ ምልክት (የመቀነስ ምልክት ሳይኖረው) በ64 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 64 ቦታዎች፣ የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ነው፤ ከዚያ አንድ ቢጨመር ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ባልደረቦቼ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴ ከዚህ ጋር ይገናኛል? የቁጥሩ ጎረቤቶችስ ምን ይመስላሉ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በደንብ ይገናኛል። ዘዴውን ለማያውቅ በምሳሌ ላሳይ። 13 ኪሎ ቡና፣ ኪሎው 640 ብር። በአንድ በኩል 13ን በግማሽ እያወረድክ ጻፍ፣ ትርፉን እየጣልክ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላ በኩል 640ን እያጠፍክ፦ 640፣ 1,280፣ 2,560፣ 5,120። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዝ፤ እዚህ 6 ብቻ ነው፣ ስለዚህ 1,280 ይወጣል። የቀሩትን ደምር፦ 640፣ 2,560 እና 5,120 ሲደመሩ 8,320 ብር። ማጠፍ፣ ማጋመስና መደመር ብቻ የሚችል ሰው ማንኛውንም ነገር ያባዛል።

የሚሠራበት ምክንያት 13 ማለት 8፣ 4 እና 1 ስለሆነ ነው። ሙሉ ቁጥር ሁሉ ከእጥፎች በአንድ መንገድ ብቻ ይገነባል። በሰንጠረዡ ቋንቋ ስንለው፣ ከ1 እስከ 18,446,744,073,709,551,615 ያለውን የፈለግኸውን ቁጥር ብትነግረኝ፣ የየትኞቹን ቤቶች እህል ማንሳት እንዳለብኝ ልነግርህ እችላለሁ፤ ምርጫውም አንድ ብቻ ነው። 641 ለምሳሌ 1ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው ቤት ነው፦ 1፣ 128 እና 512። የእኛ ቁጥር 64ቱም ቤት የተነሳበት ነው። ለዚህ ነው አንተ ኮምፒውተር ላይ ጣሪያ ሆኖ የምታገኘው።

ምልክት ያለው ከሆነ ጣሪያው በግማሽ ዝቅ ብሎ 9,223,372,036,854,775,807 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የኮሪያ ዘፈን የዩቲዩብን የ32 ቢት ቆጣሪ ሊያልፍ ሲል ዩቲዩብ የተሻገረው ወደዚህ ነው። የድሮው ጣሪያ 2,147,483,647 ፕራይም ነው፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ1772 ያረጋገጠው ኦይለር ነው። አዲሱ ግን ይሰበራል፤ 7 ሁለት ጊዜ ይገባበታል።

ጎረቤቶቹ ደግሞ እንዲህ ናቸው። አንድ ስትጨምር 2 ብቻ፤ ሌላ ፕራይም የለበትም። ወደ ታች ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው ፕራይም በ57 የሚያልቀው፣ 18,446,744,073,709,551,557 ነው። እኔ የምወደው ግን ሁለት ስትጨምር የሚመጣውን ነው፦ 18,446,744,073,709,551,617። በፈርማ ሰልፍ ሰባተኛው ነው። ከኦይለር በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ1880 ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በ82 ዓመቱ፣ ያለ ማሽን ሰበረው፦

274,177 × 67,280,421,310,721

የጎንደሩ አባታችን የልጅ ልጅ ይህን ካነበበች የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች አሁኑኑ ልታረጋግጥ ትችላለች። የሁለቱን ጭራ ብቻ፣ 177ን በ721፣ ታባዛ፤ 127,617 ይመጣላታል። በ617 ያልቃል።